የናፍጣ ታንክ፣ የጨው ውሃ እና የመጥረጊያ ሞተር፦ ከድሬዳዋ ብየዳ ቤት የሥራ ማስታወሻ

ጥር 6

ታንኩ ከመኪናው ወርዶ ግቢያችን ገብቷል፤ ሳቢያን፣ ከብየዳ ቤቱ ጀርባ። 400 ሊትር ገደማ የሚይዝ፣ ጠርዙ የዞረ የአልሙኒየም ናፍጣ ታንክ ነው። መኪናው በደወሌ በኩል ጅቡቲ ወደብ ይመላለሳል። ታንኩን ከሻንሲው ጋር የሚይዙት ሁለት የብረት ቀበቶዎች ናቸው፤ ናፍጣው የሚንጠባጠበው ከኋለኛው ቀበቶ ሥር ነው። ከዚህ በፊት ሌላ ብየዳ ቤት ተበይዷል። አዲሱ ስንጥቅ የተነሣው ልክ ከዚያ ብየዳ ጠርዝ ነው። ብየዳው ራሱ ደህና ነው፤ የሄደው አጠገቡ ያለው ላሜራ ነው።

ባለቤቱ ውሳኔውን ይዞ ነው የመጣው። «አቦ፣ ወፈር ያለ ላሜራ ለጥፍበትና ልሂድ።» የ4 ሚሊ ቁራጭ ሳይቀር ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ ገዝቶ ጭኖታል። የታንኩ ላሜራ በካሊብሮ ስለካው 2.5 ሚሊ ነው። ልለጥፍለት እችላለሁ፤ ግን ከመለጠፌ በፊት ቀበቶው ሥር ምን እንዳለ ላይ አልኩ።

ቀበቶው ሥር ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ ውስጥ ላስቲክ) የተቆረጠ ጎማ ነበር፤ ከጎማው ሥር ደግሞ የታጠፈ ሸራ። ሸራው እርጥብ ነው። መኪናው ከቆመ ሰንብቷል፣ የድሬ ፀሐይ ደግሞ በጥርም ቢሆን ርኅራኄ የላትም፤ እንዲያም ሆኖ ሸራው እርጥብ ነው። በጣቴ ነክቼ ቀመስኩት፦ ጨው። ሳነሣው ከሥሩ ነጭ ዱቄት ረገፈ፤ ዱቄቱ ሲጠረግ ላሜራው ላይ በመርፌ የተወጋ የሚመስል ጉድጓድ በጉድጓድ።

አልሙኒየም አይዝግም የሚባለው ግማሹ እውነት ነው። አየር ሲነካው ወዲያው ጥቂት ናኖሜትር ውፍረት ያለው የኦክሳይድ ሽፋን ያበጃል፤ ሽፋኑ ከተፋቀም መልሶ ይተካል። ውሃው ብዙ አሲድ ወይም ብዙ አልካላይ እስካልሆነ ድረስ (ፒኤች ከ4 እስከ 8.5 ባለው መካከል) ይህ ይበቃዋል። ጨው ግን ክሎራይድ አለው፤ ክሎራይዱ ሽፋኑን ደካማ ቦታው ላይ ይበሳዋል። አንዴ ከተበሳ በኋላ ጉድጓዱ ውስጥ የተዘጋው ውሃ እየኮመጠጠ ይሄዳል፣ መበላቱም ራሱን በራሱ ይቀጥላል። ሜዳ ላይ የተቀመጠ ላሜራ ዝናብ ያጥበዋል፣ ንፋስ ያደርቀዋል። ቀበቶ ሥር የታፈነው ግን ሁልጊዜ በጨው እንደተነከረ ነው።

ጥር 7

ስንጥቁ እስከየት እንደሄደ ማወቅ አለብኝ። ቀይ ቀለም ያለው የስንጥቅ መፈለጊያ ስፕሬይ ከተማ ውስጥ አጣሁ። እንግዲህ የምድር ባቡሩ ዘዴ ይሁን ብዬ ወደ ጎረቤታችን ሄድኩ፤ ዕድሜያቸውን ለገሀሬ ባለው ወርክሾፕ የጨረሱ ሸሚኖ፣ የባቡር ሠራተኛ፣ ናቸው።

«የፉርጎ አክስል ሲመጣልን መጀመሪያ በመዶሻ መታ መታ እናደርጋለን፤ ድምፁ ከደነዘዘ አንገምትም፣ እናወርደዋለን። ከዚያ ዘይት እናጠጣዋለን፣ እንጠርገዋለን፣ ነጭ እንቀባዋለን። ስንጥቁ የጠጣውን መልሶ ሲተፋ ነጩ ላይ መስመር ይወጣል። አንተ ግን ልጄ፣ ታንክህ ከውስጥ በኩል ናፍጣ ሲጠጣ ነው የኖረው፤ ምን ታጠጣዋለህ!»

እውነታቸውን ነው። ለማንኛውም ከውጭ በኩል ነጭ ጋዝ ቀብቼ ለጥቂት ሰዓት ተውኩት፤ ላሜራውን አልፎ ያልወጣ ስንጥቅ ካለ ናፍጣው አያሳየውም። ከዚያ በደረቅ ጨርቅ አጸዳሁና ጠመኔ ፈጭቼ በአልኮል በጥብጬ በብሩሽ ቀባሁበት። አልኮሉ ሲተን ነጩ ቀረ። ሻይ ጠጥቼ ስመለስ ትልቁ ስንጥቅ ከዓይን ከሚታየው በሁለት ጣት አልፎ ተሰምሯል። ያላሰብኩት ደግሞ ከፊተኛው ቀበቶ ሥር ወጣ፤ አንዳቸውም ገና ያላፈሰሱ አጫጭር መስመሮች፣ ሁሉም ከጉድጓድ የተነሡ፣ ሁሉም ከቀበቶው ጠርዝ ጋር ትይዩ። እዚያ ብየዳ የሚባል ነገር ነክቶት አያውቅም። ስለዚህ ያለፈውን በያጅ ብቻ መውቀስ አይቻልም።

ስለ አክስል ካነሣን አይቀር፣ ብረት በአንድ ጊዜ ጭነት ሳይሆን በመደጋገም እንደሚሰበር ሰው በይበልጥ የተማረው ከባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1842 ቬርሳይ አካባቢ የሎኮሞቲቭ አክስል ተሰብሮ ብዙ ሰው አለቀ። ከዚያ በኋላ ነው አውጉስት ቮለር የተባለው የጀርመን የባቡር መሐንዲስ አክስልን እያሽከረከረ እስኪሰበር የሚቆጥር መኪና የሠራው። ወሳኙ የጭነቱ ትልቅነት ብቻ ሳይሆን የመውጣትና የመውረዱ ስፋት መሆኑንም ያሳየ እሱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ሐዲዱ ስለደረሰ በተቆረቆረች ከተማ ውስጥ ይህን መጻፍ ደስ ይላል።

ጥር 9

ባለቤቱ ደወለ። «ወፍራሙ ካልሆነ የአውሮፕላን አልሙኒየም የሚሉትንስ ብናስመጣ?» የሚናቅ ጥያቄ አይደለም። መልሱን በቁጥር ለመስጠት መመሪያ መጽሐፉን አወጣሁ።

ቁጥሮቹና ፊደሎቹ የአልሙኒየም ቅይጦች መለያ ናቸው፤ ሜጋፓስካል ደግሞ የውጥረት መለኪያ ነው። የአውሮፕላን የሚባለው 7075 ቲ6 ሲጎተት እስኪበጠስ 572 ሜጋፓስካል ይችላል። 6061 ቲ6 310። ለታንክ የሚለመደው ማግኒዥየም ያለበት 5052 ኤች32 228። የመስኮት ፍሬም የሚሠራበት 6063 ቲ5 186። በዚህ ከሄድን 7075 ከታንኩ ላሜራ ሁለት ተኩል እጥፍ ይበልጣል፣ ነገሩም እዚህ ያበቃል።

አሁን ደግሞ ወዲያና ወዲህ 500 ሚሊዮን ጊዜ ሲተጣጠፍ የሚችለውን እንይ፦ 7075 159፣ 5052 117፣ 6061 97፣ 6063 69። ሁለት ተኩል እጥፉ ወደ አንድ ነጥብ ሦስት ተኩል ወረደ። 6061ማ በመጎተት 5052ን እየበለጠ በመተጣጠፍ ይበለጣል። ይህ ሁሉ ደረቅ አየር ውስጥ ነው። ጨው ውሃ ሲጨመር 7000 እና 2000 ተብለው የሚጠሩት ጠንካራ ቅይጦች ከ5000 እና 6000ዎቹ የበለጠ ይጎዳሉ፤ የቀረችው ብልጫም ትሟሟለች። 7075 ደግሞ በአርጎን ጋዝ ብየዳ አይበየድም፤ ቢያያዝም ሲቀዘቅዝ ይሰነጠቃል።

500 ሚሊዮን የሚለው ቁጥር ያለ ምክንያት አልተመረጠም። ተራ ብረት ደረቅ አየር ውስጥ ከአንድ ወሰን በታች ከተጫነ የፈለገውን ያህል ቢመላለስ አይሰበርም ማለት ይቻላል። አልሙኒየም እንዲህ ዓይነት ወሰን የለውም፤ ጭነቱ ሲቀንስ ዕድሜው ይረዝማል እንጂ ጨርሶ አይድንም። ስለዚህ ሰዎች አንድ ሩቅ ቁጥር ላይ ተስማምተው እዚያ ድረስ የቆየበትን ይጽፋሉ። ብረትም ቢሆን ጨው ውሃ ሲያገኘው ያንን ወሰኑን ያጣል።

ይህን በስልክ ነገርኩት። «ወንድሜ፣ ቁጥር ሳይሆን ታንክ ነው የሰጠሁህ» አለኝ። እንግዲያው በዓይኑ ይየው። መተጣጠፊያ መኪና እሠራለሁ።

ጥር 13

ጥምቀትም ቃና ዘገሊላም አለፈ። ከዛሬ ጀምሮ ሥራ።

ንድፉ፦ ከመስኮት ሠሪዎች ቁርጥራጭ 6063 ለመንኩ፤ በነፃ ሰጡኝ። የታንኩ ቅይጥ አይደለም፤ ጠባዩን ለማወዳደር ግን ይበቃል፣ ሁሉም ከአንድ ፍሬም እስከተቆረጠ ድረስ። ውፍረቱ 1.4 ሚሊ። በሴጌቶ ሦስት ማዕዘን አድርጌ ቆረጥኩት፤ ሰፊው ጎን ሞርሳ ውስጥ ይታሰራል፣ ሾጣጣው ጫፍ ይንቀሳቀሳል። ሦስት ማዕዘን የሆነበት ምክንያት፣ እኩል ስፋት ያለው ዘንግ ሁልጊዜ ማሰሪያው አፍ ላይ ስለሚሰበር ነው፤ ያኔ የለካሁት ጨውን ይሁን የሞርሳውን ንክሻ አይታወቅም። ሦስት ማዕዘን ከሆነ ግን ውጥረቱ ርዝመቱን ሙሉ እኩል ነው፤ የሚሰበርበትን ቦታ ራሱ ይመርጣል።

ሒሳቡም ቀሊል ነው፦ የአልሙኒየም ግትርነት (70,000 ሜጋፓስካል) በውፍረቱ፣ በጫፉ መዘንበል ተባዝቶ ለርዝመቱ ካሬ ይካፈላል። ርዝመቱ 100 ሚሊ፣ መዘንበሉ ወደላይ 12 ወደታች 12 ሚሊ ቢሆን 118 ሜጋፓስካል ገደማ ይመጣል። ለዚህ ቅይጥ ከባድ ነው፤ ግን ሳይጣመም የሚመለስበት ክልል ውስጥ ነው (ተጣሞ የሚቀረው 145 አካባቢ ላይ ነው)። ሲሰበር ለማየት እስከ ሐምሌ መጠበቅ አልፈልግም።

ጠርዙን በሞረድ ካስተካከልኩ በኋላ በብርጭቆ ወረቀት የፋቅሁት በርዝመቱ አቅጣጫ ብቻ ነው። አግድም የተፋቀ ጭረት ለስንጥቅ የተከፈተ በር ነው። ተለማማጁ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ሁለቱንም ዓይነት ቆርጬ አስቀመጥኩለት፣ ራሱ ይፈትን።

ጥር 14

ሞተር። ከተቃጠለ ልብስ ማጠቢያ የወጣ ደህና ሞተር ነበረን፤ ቶርኖ ላይ ፑሊ አስወጥቼ በቀበቶ በደቂቃ ወደ 600 አካባቢ አወረድኩት። ከዘንጉ መሐል 12 ሚሊ ርቆ ኩሽኔታ ያለው ፒን፣ ከፒኑ ወደ ቁራጩ ጫፍ ማገናኛ።

መቁጠሪያው የሚወደድ ነው። ርካሽ ካልኩሌተር ላይ 1 ደምር 1 ብላችሁ የእኩል ምልክቷን ደጋግማችሁ ስትጫኑ አንድ አንድ እየጨመረ ይሄዳል። የምልክቷን ሁለት ገመድ አውጥቼ በማግኔት ከሚዘጋ ማብሪያ ጋር አገናኘሁ፤ ማግኔቷ ፑሊው ላይ ናት። ፈጣኑን ካልኩሌተሩ ሁልጊዜ ስለማይከተለው በአሥር ዙር አንድ የሚነካበት ትንሽ ጎማ ጨመርኩ።

ቁራጩ ሲሰበር ሞተሩ መቆም አለበት። ተለማማጁ በቁራጩ ውስጥ ኤሌክትሪክ አሳልፈን ሲበጠስ ይጥፋ አለ። ለደረቁ ጥሩ ነበር። ጨው የሚንጠባጠብበት ቁራጭ ውስጥ ግን ኤሌክትሪክ ካሳለፍን መበላቱን እኛው ልንለውጠው እንችላለን። በስፕሪንግ የምትገፋ ማብሪያ ጫፉ ላይ አደረግን፤ ጫፉ ሲወድቅ ትጠፋለች።

ጥር 15

መብራት የለም።

ጥር 17

ደረቆቹ ተሰበሩ። እርስ በርስ ይለያያሉ፤ በድካም ሙከራ ይህ የሚጠበቅ ነው፣ አንድ ቁራጭ ብቻውን ምስክር አይሆንም። ግን ሁሉም ከ300 ሺህ ምልልስ አልፈዋል። ስብራቱ ንጹሕ ነው፦ አንድ ጥግ ላይ የምታበራ ልስልስ ገጽ፣ ከዚያ በመጨረሻ በአንድ ጊዜ የተቀደደ ሻካራ ገጽ። ልስልሱ ስንጥቁ ቀስ ብሎ የሄደበት ነው።

በአግድም የተፋቀው ሩብ ያህሉን ዕድሜ አጣ፤ ስንጥቁ የጀመረው ከጭረቱ ውስጥ ነው። ተለማማጁ አሁን አይስቅም።

ጥር 18

ጨው ውሃ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ያህል ጨው አለው፤ በዚያ ልክ የወጥ ጨው ከተጣራ ውሃ ጋር በጠበጥኩ። የድሬን የቧንቧ ውሃ አልተጠቀምኩም፤ ጀበናና ማሰሮ ላይ የሚተወውን ነጭ ንብርብር የሚያውቅ ለምን እንደሆነ ይገባዋል፣ ውስጡ የራሱ ማዕድን አለው። ከሐኪም ቤት የተረፈ የግሉኮስ ቱቦ ጠብታውን እያስተካከለ ቁራጩ ላይ በተጠመጠመ ጥጥ ላይ ይጥላል። ጥጡ የዚያ የቀበቶው ሸራ ምትክ ነው።

ማታ ውጤቱ፦ 200 ሺህ ገደማ። ከደረቁ አንድ ሦስተኛ ያህል አጠረ። እውነት ለመናገር የጠበቅሁት ከዚህ የባሰ ነበር። ባለቤቱም ይህን ቢያይ «ታዲያ ይሄ ነው?» ይለኛል፤ ልክም ነው።

ግን ሙከራው ስንት ሰዓት ፈጀ? በደቂቃ 600 ሲሄድ 200 ሺህ ማለት ስድስት ሰዓት እንኳን አይሞላም። ጨው በስድስት ሰዓት ምን ይሠራል? መኪናው እኮ ዓመታት ነው የሚነዳው። ስንጥቁ በተከፈተ ቁጥር ውሃው ገብቶ አዲስ የተገለጠውን ብረት ለመብላት ጊዜ ይፈልጋል። ፈጣኑ ሞተር ያንን ጊዜ ነፍጎታል።

ጥር 19

ሁለተኛ መተጣጠፊያ መኪና ሠራሁ፤ ይሄኛው የዝናብ መጥረጊያ ሞተር ነው፣ ከቀፊራ ገበያ የተገዛ አሮጌ። በ12 ቮልት፣ በደቂቃ 60 ያህል። ባትሪ ላይ ስለሆነ መብራት ቢሄድም ባይሄድም ግድ የለውም። 12 ሚሊው፣ ቁራጩ፣ ጨዉ፣ ጥጡ ያው ነው። የተለወጠው ፍጥነቱ ብቻ ነው።

ሌሊቱን ሙሉ ጢው ጢው ይላል። ሚስቴ በሩን ዘጋችው።

ጥር 21

ጨው የነካው ዘገምተኛው ቁራጭ ተሰበረ። 120 ሺህ አልሞላም። ጨው የሌለበት ዘገምተኛ ደግሞ አጠገቡ እየሄደ ነው፤ እስካሁን ምንም የለም።

ስብራቱን በአጉሊ መነጽር አየሁት። ደረቆቹ ላይ አንድ መነሻ ነበር። እዚህ ብዙ ናቸው፤ በጥጡ ሥር ጉድጓዶች ተደርድረው ከያንዳንዳቸው ትንሽ ስንጥቅ ተነሥቷል፣ በኋላ ተገናኝተዋል። ከታንኩ የፊተኛ ቀበቶ ሥር ጠመኔው ያሳየኝ መስመር ራሱ ነው።

ጥር 23

ጨው የሌለበት ዘገምተኛም ተሰበረ፤ 300 ሺህን አልፎ። ማለት፦ ደረቅ ሲሆን ፍጥነቱ ምንም አልለወጠም፤ ጨው ሲኖር ግን ዘገምተኛው የፈጣኑን ስድስት አሥረኛ ያህል ነው የኖረው። ያው ጭነት፣ ያው ጨው፣ ልዩነቱ ጊዜ ነው።

ከዚህ ሙከራ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ተናገር ብባል ይህን እናገራለሁ። በካታሎግ ውስጥ ያለ የጥንካሬ ቁጥር በቶሎ የተወሰደ ቁጥር ነው፤ መኪና ደግሞ በቶሎ አያረጅም።

እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 28 ቀን 1988 ሃዋይ ላይ የሆነውን ላስታውስ። የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737፣ 19 ዓመት የበረረ፣ አየር ላይ እያለ የፊተኛው ክፍል ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ። አብራሪዎቹ አሳረፉት፤ ከተሳፈሩት 95 ሰዎች መካከል አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሞተች። አውሮፕላኑ ከደሴት ደሴት አጭር አጭር ስለሚበር 89 ሺህ 680 በረራ ነበረው፤ በያንዳንዱ በረራ አካሉ ይነፋል ይሟሽሻል። ላሜራዎቹ የተደራረቡበት መጋጠሚያ ማጣበቂያው ለቆ የባሕር እርጥበት ገብቶበታል፤ ዝገቱ እዚያ ተደብቆ ሲሠራ፣ ጭነቱን ብቻቸውን የተሸከሙት ሪቬቶች ቀዳዳ ዙሪያ ደግሞ ስንጥቆች ተደርድረው ጀምረዋል። እዚያም የተጎዳው ሁለት ነገር ተደራርቦ ውሃ የሚያፍንበት ቦታ ነው። የኛ ታንክ በዕድሜውም በክብሩም አይደርስበትም፤ የሸራው ሥራ ግን ያው ነው።

ጥር 28

ሁለት ጥያቄዎች ቀርተው ነበር፤ ሁለቱንም በዘገምተኛው።

መጀመሪያ፦ ጨዉ ቀድሞ በልቶት፣ በኋላ ደርቆ ቢታጠፍስ? ከጥር 14 ጀምሮ ጨው ውሃ ውስጥ ሳይታጠፍ የነከርኩት ቁራጭ ነበር። አጥቤ አድርቄ ጫንኩት። ከአዲሱ ደረቅ ያነሰ፣ ጨውና መታጠፍ አብረው ከመጡበት ግን በግልጽ የበለጠ ኖረ። ሁለቱ በአንድ ጊዜ ሲመጡ ጉዳታቸው ተለያይተው ከሚያደርሱት በላይ ነው። ለባለቤቱ ይህ መልካም ዜና ነው፤ ታንኩን ከመተጣጠፍ ማስጣል አልችልም፣ ጨዉን ግን ከቀበቶው ሥር ማስወጣት እችላለሁ።

ሁለተኛው ቀለም ነው። አልሙኒየም ላይ ተራ ቀለም ሲቀባ ይላጣል፤ መጀመሪያ የሚነክስ ፕራይመር ይፈልጋል። ፕራይመርና ሁለት እጅ ቀለም የተቀባው አሁንም እየሄደ ነው። አንዱን በሚስማር ጭሬ ልጭነው ነው።

የካቲት 1

የብየዳ ቀን። ባለቤቱ ትናንት መጥቶ የተሰበሩትን ቁርጥራጮች በየተራ አገላብጦ ካየ በኋላ 4 ሚሊውን ላሜራ ወደ መኪናው መልሶ ጫነው። ምንም አላለም። ወፍራም ቁራጭ ቢለጠፍ ዙሪያውን አዲስ ብየዳ ይሆናል፣ የብየዳ ጠርዝ ደግሞ ውጥረት የሚሰበሰብበት ነው፤ ቀጭኑ ላሜራ ወፍራሙ ዳር ላይ ደርሶ እዚያ ይታጠፋል። ከተበየደ በኋላ ደግሞ ቅይጡ የቱንም ያህል ጠንካራ ቢሆን የመጋጠሚያው የድካም አቅም ያው ነው ማለት ይቻላል። 6061 ቲ6 እንኳን ከ310ው ሲበየድ የሚታመንለት 165 ብቻ ነው፣ ሙቀቱ ያገኘውን ጥንካሬ ስለሚወስድበት።

ታንክ መበየድ ቀልድ አይደለም። ናፍጣ በክብሪት ስለማይያያዝ የሚዘናጉ አሉ፤ ግን ከ50ዎቹ ዲግሪ በላይ ሲሞቅ የሚቀጣጠል ትነት ያወጣል፣ የብየዳ ሙቀት ደግሞ የታወቀ ነው። በፍል ውሃና በሳሙና ደጋግመን አጠብን። ተለማማጁ ዘይቱ እንዲለቅ ኮስቲክ ሶዳ ሊጨምር አሰበ፤ ከለከልኩት። ኮስቲክ አልሙኒየሙን ይበላል፣ ሲበላም ሃይድሮጂን ያወጣል፤ ከናፍጣ ትነት ሸሽቶ ከዚያ የባሰ ጋዝ መሙላት ነው። አድርቀን ውስጡን በአርጎን ሞላን፣ አርጎኑ እየፈሰሰ በየድን።

የስንጥቁን ሁለት ጫፍ ጠመኔው እስካሳየበት አልፌ በ3 ሚሊ በሳሁት፤ ክብ ቀዳዳ ጫፉን ያደንዘዋል። መሐሉን በሞረድ ቦይ አወጣሁ፣ ለአልሙኒየም ብቻ በተቀመጠው የማይዝግ ሽቦ ብሩሽ ፋቅሁ። የአልሙኒየሙ የኦክሳይድ ሽፋን የሚቀልጠው ከ2,000 ዲግሪ በላይ ነው፤ ከሥሩ ያለው ብረት በ660 ይቀልጣል። ተለዋዋጭ ጅረት ያለው አርጎን ብየዳ የሚያስፈልገው ለዚህ ነው፤ የጅረቱ ግማሽ ሽፋኑን ይሰብራል፣ ግማሹ ያቀልጣል። የመበየጃ ሽቦው 5356 የሚባለው ቅይጥ ነው። ከቀዘቀዘ በኋላ ብየዳውን ከላሜራው ጋር እኩል እስኪሆን ፋቅሁት። ያበጠ ብየዳ ለዓይን ያኮራል፤ ጠርዝ ስለሚሠራ ግን እዚህ አልፈልገውም። የፊተኛው ቀበቶ አጫጭር መስመሮች ጥልቀት ስላልነበራቸው በመፋቅ ጠፉ፤ ጠመኔ ደገምኩባቸው፣ ንጹሕ።

የካቲት 3

ዋናው መፍትሔ ብየዳው አይደለም፤ ቀበቶው የሚያርፍበትን ቦታ መቀየር ነው። ታንኩን ሻንሲው ላይ ወደፊት አንሸራተትኩት፤ ቀበቶዎቹ ከእንግዲህ ያልተበላ፣ ያልተበየደ ላሜራ ላይ ያርፋሉ። ለመያዣው ሻንሲው ጎን ላይ ያሉትን ነባር ቀዳዳዎች ተጠቀምኩ። የሻንሲ የላይና የታች ክንፍ ላይ አዲስ ቀዳዳ አይበሳም፤ የታንክ ስንጥቅ አድኖ የሻንሲ ስንጥቅ መትከል ይሆናል።

ቀበቶዎቹ አዲስ ናቸው፣ ዚንክ የተነከረ ጠፍጣፋ ብረት። ባለቤቱ የማይዝገው ብረት አይሻልም ወይ አለ። ለራሱ ይሻለዋል፤ ጨው ውሃ ሲያገናኛቸው ግን የሚበላው አልሙኒየሙ ነው። ዚንክ ለአልሙኒየም ይቀርባል፣ ቢባስም ቀድሞ የሚሰዋው እሱ ነው። በመሐል ውሃ የማይጠጣ ድፍን ጎማ፤ ጎማው ከቀበቶው በሁለቱም ወገን ወጣ ያለ፣ ታች በኩል ውሃው እንዲወርድ ክፍት። ሸራ የለም፣ ከመነዳሪ የለም። ከመታሰሩ በፊት የቀበቶዎቹ ቦታ ፕራይመርና ቀለም ተቀብቷል።

ጥብቀቱም ራሱን የቻለ ነገር ነው። ላላ ካለ ታንኩ እየተንቀሳቀሰ ቀለሙን ይፍቃል፤ ከጠበቀ ጠርዙ ላሜራው ውስጥ ይሰምጣል። ጎማው ትንሽ እስኪጨመቅ አጥብቄ ከመጀመሪያው ምልልስ በኋላ እንደገና እንዲታይ ነገርኩት፤ ጎማ ስለሚተኛ ይላላል።

የካቲት 4

በትንሽ አየር (0.2 ባር፣ ከዚያ በላይ ታንኩን ማሳበጥ ነው) ነፍቼ የሳሙና ውሃ ቀባሁበት። አረፋ የለም። ናፍጣ ሞልቶ ሄደ። ዋጋ ላይ ተከራከርን፣ ተስማማን።

ለሹፌሩ የሰጠሁት አንድ ትእዛዝ ብቻ ነው፦ ከጅቡቲ በተመለስክ ቁጥር ቀበቶዎቹን ዙሪያ በንጹሕ ውሃ አጥባቸው፣ የድሬም ውሃ ቢሆን ግድ የለም። ማዕድኑ ነጭ ነገር ይተዋል፤ ከባሕር ጨው ጋር ግን አይወዳደርም።

የካቲት 20

መኪናው ተመልሷል። የኋለኛው ቀበቶ ብሎን ግማሽ ዙር ላልቷል፣ እንደተጠበቀው፤ ጠበቀ። ጎማውን ገለጥ አድርጌ በጣቴ ዳሰስኩ፦ ጨው አለ፣ ጥቂት፣ ግን ደረቅ። ሹፌሩ ማጠቡን ማለልኝ፤ የፊተኛውን አጥቧል፣ የኋለኛው አይመቸውም። ለኋለኛው ረጅም አፍ ያለው ቱቦ ሰጠሁት። ብየዳው ላይ ነጭ ጋዝና ጠመኔ፤ ምንም አልወጣም። የሚቀጥለው ምርመራ ከፋሲካ በኋላ ነው፤ አንድ ንጹሕ ምርመራ ለስንጥቅ ዋስትና አይሆንም።

በሚስማር የጫርኩት ቀለም የተቀባ ቁራጭ ልክ ጭረቱ ላይ ተሰብሯል፤ ካልተቀባው ጨዋማ ብዙም አልበለጠም። ያልተጫረው ከደረቁ ጋር እኩል ሄዶ ነው የቆመው። እንግዲህ ቀለሙ የሚሠራው ሳይላጥ እስከቆየ ነው፤ የመንገድ ጠጠር የሚመታውን የታንኩን የታች ፊት በጎማ ሽፋን ልሸፍነው አስቤያለሁ።

ባለቤቱ ሁለተኛ መኪናውን ማክሰኞ ያስገባል። የእሱ ታንክ ክብ ነው፤ ውሃው የሚጠራቀመው ታች ሆዱ ላይ ስለሆነ የጎማው አቆራረጥ ከዚህኛው ይለያል። ከወዲሁ ዚንክ የተነከረውን ጠፍጣፋ ብረት አዘዝኩ፤ ቀፊራ ያለው አልቋል፣ ከአዲስ አበባ ይመጣል ብለውኛል።